የጦርነት ፊልም ማንን ያሰማል? የሃምፍሪ ጄኒንግስ ጥበብና ከአዊ የሚነሣው ጥያቄ

በ1933 ዓ.ም. የካቲት ላይ ብሪታንያና ኢትዮጵያ አንድ ጦርነት በሁለት ሜዳ ይዋጉ ነበር። ለንደን በጀርመን አውሮፕላኖች ትደበደባለች። በዚያው ሰሞን ከሱዳን የገባው የጌዴዎን ጦርና የጎጃም አርበኞች ጣልያንን ከዳንግላና ከእንጅባራ ያስለቅቃሉ። የመጀመሪያው ሜዳ ሃምፍሪ ጄኒንግስ የሚባል ዘጋቢ ፊልም ሠሪ ነበረው። የዚህ ሰው አጫጭር ፊልሞች ሰማንያ ዓመት አልፏቸው ዛሬም ይታያሉ፣ ይጠናሉ፣ ያከራክራሉ። ሁለተኛው ሜዳ እንዲህ ያለ ሰው አላገኘም። እነዚህ ከተሞች ባሉበት በአዊ ምድር ያለፈውን ዘመቻ የምናውቀው በመኮንኖችና በባለሥልጣናት መጻሕፍት፣ በጥቂት ፎቶግራፎችና በዜና ፊልሞች ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን ከአባት ወደ ልጅ በሚወርድ ትውስታ።

የጄኒንግስን ሥራ ከዚህ አካባቢ ሆኖ ማየት የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። ስለ እሱ የተነሡት ክርክሮች ሦስት ጥያቄ ላይ ያርፋሉ። በመንግሥት ገንዘብ፣ ለመንግሥት ዓላማ የተሠራ የጦርነት ፊልም ኪነጥበብ ሊሆን ይችላል ወይ? ቢሆንስ የታሪክ ማስረጃ ይሆናል? በፊልሙ ውስጥ የሚሰማውስ የማን ድምፅ ነው? ሦስቱም ጥያቄዎች የእኛም ናቸው። ሦስተኛው ግን ለጎጃም ይበልጥ ይከብዳል።

የፖስታ ቤት ፊልም ሠሪዎች

የብሪታንያ ዘጋቢ ፊልም ያደገው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። አባቱ የሚባለው ስኮትላንዳዊው ጆን ግሪርሰን ፊልምን ዜጋ ማስተማሪያ አድርጎ ያይ ነበር። በዙሪያው የተሰበሰቡት ወጣቶች ደመወዛቸውን የሚያገኙት ከፖስታና ቴሌግራፍ አገልግሎት ነበር። ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ ይኸው ክፍል በማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥር ሆነና «ክራውን ፊልም ዩኒት» ተባለ።

ጄኒንግስ እዚህ ክፍል የገባው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው (ስለ እሱና ስለ ፊልሞቹ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ1907 በምሥራቅ እንግሊዝ ባሕር ዳርቻ ባለች መንደር ተወለደ፤ በካምብሪጅ ሥነ ጽሑፍ አጠና፤ ሥዕል ይሥላል፣ ግጥም ይጽፋል። በ1936 ለንደን ላይ የተካሄደውን ዓለም አቀፍ የሱሪያሊስቶች ዐውደ ርእይ ካዘጋጁት አንዱ ነው። በማግሥቱ ዓመት ከገጣሚው ቻርልስ ማጅና ከቶም ሃሪሰን ጋር «ማስ ኦብዘርቬሽን» የተባለውን የጥናት እንቅስቃሴ መሠረተ። በጎ ፈቃደኞች በየሠፈራቸው ሰው የሚናገረውንና የሚያደርገውን ይመዘግቡ ነበር። ግንቦት 12 ቀን 1937 ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ ዘውድ ሲጭኑ ታዛቢዎቹ የመዘገቡት ስለ ዘውዱ ብቻ አልነበረም፤ በመጠጥ ቤትና በመንገድ ዳር የተወራውንም ጻፉት። ጄኒንግስ በኋላ ካሜራ ይዞ ያደረገው ሁሉ ከዚህ ልማድ የወጣ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ጠብ ከጦርነቱ በፊት ተነሣ። በ1939 የሠራው «ትርፍ ጊዜ» የብረት፣ የጥጥና የከሰል ሠራተኞች ከሥራ ሰዓት ውጪ ምን እንደሚያደርጉ ያሳያል። ተራኪው ጥቂት ይናገራል፣ ምንም አያብራራም። ከግሪርሰን ወገን የነበሩ ባልደረቦቹ ሠራተኛውን ከላይ ሆኖ አይቶታል ብለው ወቀሱት። በኋላ የመጡ ሐያስያን ግን በዚያው ፊልም ውስጥ አክብሮትን አገኙ። ለተመልካች ምን ማሰብ እንዳለበት አለመንገር ንቀት ነው ወይስ እምነት? ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

ተራኪ የሌለበት ሃያ ደቂቃ

በ1942 ለሕዝብ የቀረበው «ብሪታንያን አድምጡ» ሃያ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ጄኒንግስ ከአርታኢው ከስቱዋርት ማክአሊስተር ጋር በአንድነት የሠራው ነው። ተራኪ የለውም። ባለሥልጣናት ሕዝቡ ግራ እንዳይጋባ ብለው በመግቢያው ላይ ሊዮናርድ ብሮኪንግተን የተባለ ካናዳዊ ንግግር እንዲያደርግ አስገቡ። የዛሬ ተመልካች ያንን ንግግር ትርፍ ሆኖ ያገኘዋል።

አንዱን ቦታ ቀረብ ብለን እንየው። በፋብሪካ ምግብ አዳራሽ ሠራተኞች ምሳቸውን እየበሉ ፍላናጋንና አለን የተባሉት ቀልደኛ ዘፋኞች ይዘፍኑላቸዋል። ሠራተኛው ያፏጫል፣ ይቀበላል። ዘፈኑ የመጨረሻ ድምፁ ላይ ሲደርስ ምስሉ ይቀየርና ከዚያው ድምፅ የሞዛርት ሙዚቃ ይነሣል፤ ማይራ ሄስ በብሔራዊ የሥዕል ቤተ መዘክር ፒያኖ ትጫወታለች። ከሚያዳምጡት መካከል ንግሥቲቱ አሉ። ሥዕሎቹ ቦምብ ፈርተው ወደ ሌላ ስፍራ ስለ ተወሰዱ ግድግዳው ላይ ባዶ ክፈፍ ይታያል። ዘፈኑ ዝቅ ያለ፣ ሞዛርት ከፍ ያለ ነው የሚል ምልክት የለም። ሁለቱን ያገናኛቸው አርትዖቱ ብቻ ነው፤ የፋብሪካ ሴትና ንግሥት በአንድ ድምፅ እኩል ሆነው ይቀመጣሉ።

የጄኒንግስን ጥበብ የሚያደንቁ ሁሉ ይህን ቦታ ይጠቅሳሉ፤ ተገቢ ነው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን በ1945 በተጠናቀቀው «ማስታወሻ ለቲሞቲ» ውስጥ ያለው ቦታ ነው። ፊልሙ መስከረም 3 ቀን 1944፣ ብሪታንያ ጦርነት ካወጀች ልክ በአምስተኛ ዓመቷ ለተወለደ ሕፃን የተነገረ ነው። ጽሑፉ የደራሲው የኢ. ኤም. ፎርስተር፣ ድምፁ የተዋናዩ የማይክል ሬድግሬቭ። በመድረክ ላይ ጆን ጊልጉድ ሐምሌትን ሆኖ ከመቃብር ቆፋሪው ጋር ይነጋገራል፤ ፊልሙ ቆርጦ ወደ ምግብ ቤት ይገባል። አንድ ሰው የጀርመን ሮኬት እንዴት እንደሚወድቅ ለጓደኞቹ እያስረዳ ነው። ያን ጊዜ እውነተኛ ፍንዳታ ይሰማል። ሞት በመድረክም በምሳ ገበታም በአንድ ጊዜ ይነሣል፤ ተራኪው ግን ይህንን ሊያስረዳን አይሞክርም።

ባለቅኔ ወይስ የመንግሥት አፍ?

ስለ ጄኒንግስ የተጻፈው ሁሉ በሁለት ዋልታ መካከል ይንቀሳቀሳል። በአንዱ ጫፍ ሊንዚ አንደርሰን አለ። በ1954 በጻፈው ጽሑፍ የብሪታንያ ሲኒማ ያፈራው ብቸኛ እውነተኛ ባለቅኔ ጄኒንግስ ነው አለ። አንደርሰን ተቺ ብቻ አልነበረም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ከካሬል ራይዝና ከቶኒ ሪቻርድሰን ጋር «ነፃ ሲኒማ» የተባለውን እንቅስቃሴ ሲጀምር የጄኒንግስን መንገድ ይዞ ነው የተነሣው። የጄኒንግስ የዛሬው ዝና በአብዛኛው የቆመው በዚያ ጽሑፍ ላይ ነው።

በሌላው ጫፍ ያሉት ሁለት ዓይነት ናቸው፤ መደባለቅ የለባቸውም። የመጀመሪያዎቹ የዘመኑ ሰዎች ናቸው። የሙያ ባልደረባው ኤድጋር አንስቲ «ብሪታንያን አድምጡ» በወጣበት ዓመት ፊልሙ ውብ ነው፣ ግን ማንንም ለምንም አያነሣሣም ብሎ ነቀፈው። ቅሬታው ቅስቀሳው አነሰ የሚል ነው። በኋላ የመጡት የታሪክ ጸሐፊዎች ደግሞ በተቃራኒው ቅስቀሳው በዛ አሉ። አንገስ ካልደር በ1991 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ለንደን ድብደባ የሚነገረው የአንድነትና የጽናት ትረካ እንዴት እንደ ተገነባ ሲመረምር የጄኒንግስን ፊልሞች ከግንባታው ማዕከል አስቀመጠ። እዚያ ያለው ብሪታንያዊ ሁሉ ይዘፍናል፣ ይሠራል፣ ሻይ ያፈላል። በዚያው በ1942 ግን የኬንት ማዕድን ሠራተኞች በቤትሻንገር ሥራ አቁመው ነበር። ከመደብ መደብ ያለው ልዩነትም በሞዛርት አልጠፋም።

የትኛው ወገን ትክክል ነው? አንስቲና ካልደር ስለ አንድ ሰው የተናገሩት የሚቃረን መሆኑ ራሱ ብዙ ይነግረናል። የሚኒስቴሩ ሰዎች ፊልሙን ይዘው በየፋብሪካው ሲዞሩ ሠራተኛው ወዶ እንደ ተቀበለው ይመሰክራሉ፤ ስለዚህ የአንስቲ ሥጋት አልደረሰም። የካልደር ነጥብ ግን ይጸናል፣ ሊሰፋም ይገባዋል። በ«ብሪታንያን አድምጡ» ውስጥ ባቡር ላይ የሚዘፍኑ የካናዳ ወታደሮች አሉ። በዚያው ጊዜ ለዚያው ንጉሥ ይዋጋ የነበረው ሱዳናዊ ወይም ሕንዳዊ ግን የለም። ከጎናቸው የቆመው ኢትዮጵያዊም የለም። ሰው ሁሉ እኩል የሚሰማበት ፊልም የግዛቱን ትልቁን ሕዝብ አላሰማም። ይህን ማለት የፊልሙን ውበት አይቀንስም፤ ወሰኑን ያሳያል እንጂ።

ከዚህ ጋር የሚነሣ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ጥበቡ የማን ነው? ዳይ ቮን በ1983 ባወጣው መጽሐፍ ማክአሊስተር በአርትዖት ክፍሉ ውስጥ የሠራው ተዘንግቷል ብሎ ተከራከረ። የተጠቀሰው የዘፈንና የሞዛርት ማያያዣ የማን ሐሳብ እንደ ሆነ በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም። ባለቅኔ የሚለው ማዕረግ ለአንድ ሰው ሲሰጥ ሌላው ይጋረዳል።

የተደገመ እውነት

«እሳት ተነሣ» በ1943 ሲወጣ ተዋናዮቹ እውነተኛ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ነበሩ። ቀረጻው ሲካሄድ ግን ዋናው ድብደባ አልፎ ስለ ነበር እሳቱ በፈራረሱ ሕንፃዎች ውስጥ ለካሜራ ሲባል ነው የተለኮሰው። ንግግራቸውም ከራሳቸው ልምድ የወጣ ነው፤ ነገር ግን ለካሜራ ደገሙት። እንዲህ ያለው ፊልም ማስረጃ ነው? የዚያን ሌሊት እሳት አያሳይም። የእነዚያን ሰዎች አነጋገር፣ አካሄድ፣ ቀልድና ፍርሃት ግን ከዜና ፊልም ይልቅ ያሳያል። ስለ ክስተት መመስከርና ስለ ኑሮ መመስከር የተለያዩ ናቸው፤ ብዙው ክርክር የሚሳሳተው ይህን ባለመለየት ነው።

በዚያው ዓመት የወጣው «ዝምተኛው መንደር» ደግሞ ለእኛ የሚቀርበው ነው። ሰኔ 10 ቀን 1942 ናዚዎች የቼኮችን የማዕድን ሠራተኞች መንደር ሊዲስን አጠፉ፤ በዚያን ቀን 173 ወንዶች ተረሸኑ። ጄኒንግስ ታሪኩን ወደ ዌልስ ወስዶ የኩምጊድ መንደር ከሰል ቆፋሪዎችና ቤተሰቦቻቸው እንዲጫወቱት አደረገ። ወራሪው ጦር በአካል አይታይም ማለት ይቻላል፤ የሚሰማው ከአንዲት ጥቁር መኪና ላይ ትእዛዝ በሚያንባርቅ ድምፅ ማጉያ ነው። መንደሩ የሚነጋገረው በዌልስኛ ነው፤ አብዛኛውም ትርጉም አልተሰጠውም። ከትእዛዞቹ አንዱ ቋንቋቸውን ይከለክላል፤ መምህርቷም ለልጆቹ ይህን ትነግራቸዋለች። ለንደን ውስጥ የተቀመጠ እንግሊዛዊ ተመልካች በገዛ አገሩ ፊልም ውስጥ የማይሰማውን ቋንቋ ቁጭ ብሎ እንዲያዳምጥ ተገደደ። ከጄኒንግስ ሥራዎች ሁሉ ደፋሩ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ካሜራውና ጎጃም

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ ካሜራ አልነበረም ማለት አይቻልም። የጣልያኑ የፊልም ተቋም ሉቼ እ.ኤ.አ. በ1935 አስመራ ላይ የምሥራቅ አፍሪካ የፊልም ክፍል አቋቁሞ ወረራውን ተከታተለ። መንገድ ሲቀየስ፣ ድልድይ ሲቆም፣ መኳንንት ሲገቡ ቀረጸ። ጣልያን የተጠቀመችበትን የመርዝ ጋዝ ግን አላሳየም። ስለ ጋዙ ዓለም የሰማው ከቀይ መስቀል ሐኪሞችና ከዲፕሎማቶች ነው፤ የጣልያን መንግሥት በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። በኢትዮጵያ ወገን ሆነው ከቀረጹት መካከል ሁለት ሶቪየቶች፣ ቭላዲሚር የሹሪንና ቦሪስ ጸይትሊን ይገኙበታል። የእነሱ ፊልም የተደበደበውን ወገን አሳይቷል፤ የሚያየው ግን በሞስኮ ዓይን ነው።

የ1933ቱ ዘመቻ ታሪክ ራሱ ለፊልም የተሰጠ ነበር። የብሪታንያው ኮሎኔል ሳንድፎርድ የመራው ቡድን፣ ሚሽን 101፣ በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ድንበር አቋርጦ ፋግታ ላይ ሠፈረ፤ የንጉሠ ነገሥቱ ወኪል አዛዥ ከበደ ተሰማ አብረው ነበሩ። አካባቢውን ይዘው የቆዩት ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ሌሎች አርበኞች ናቸው። ጥር 12 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ገቡ። በብሪታንያዊው መኮንን በዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር በሺዎች የሚቆጠሩ ግመሎች ይዞ ከበረሃ ወደ ደጋ ሲወጣ ግመሎቹ ብርዱንና ዳገቱን አልቻሉም፤ እስከ እንጅባራ ያለው መንገድ በሬሳቸው ተሞላ። የጣልያኑ ኮሎኔል ቶሬሊ ዳንግላን ለቆ ወደ ባሕር ዳር ሲያፈገፍግ የመንገሻ ጀምበሬ ሰዎች ተከተሉት። መጋቢት 28 ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ።

ብሪታንያ ይህን አገር ስለማታውቀው ነው ያልቀረጸችው አይባልም። ቆንስሏ ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ዳንግላ ተቀምጦ ጣናንና ዐባይን አጥንቷል፣ መጽሐፍም ጽፏል። የቃልን ኃይልም ታውቅ ነበር። የስፔኗን ከተማ የጌርኒካን መደብደብ ለዓለም ያሰማው ጋዜጠኛ ጆርጅ ስቲር ካርቱም ላይ «ባንዲራችን» የተባለውን የአማርኛ ጋዜጣ ያዘጋጅ ነበር፤ በጎጃምም በበራሪ ወረቀትና በድምፅ ማጉያ ለጣልያን ያደሩ ወታደሮች እንዲከዱ ይቀሰቅስ ነበር። እዚህ የነበረው ድምፅ ማጉያ ነፃ አውጪ፣ በጄኒንግስ ፊልም ያለው ጨቋኝ ነው፤ ሁለቱም ግን ወደ ሕዝብ የሚናገሩ እንጂ ከሕዝብ የሚሰሙ አይደሉም። ከደምበጫ የቀረው የታወቀ ፎቶግራፍ ንጉሠ ነገሥቱን ከሳንድፎርድና ከዊንጌት ጋር ያሳያል። ብዙዎች ስለዚያ ዘመቻ ሲያስቡ የሚመጣባቸው ምስል ይህ ነው። ፋግታ ላይ ስንቅ ያቀበለችው ሴት፣ መንገድ የመራው ገበሬ፣ በአዊ ቋንቋ በአውኚ የተዘፈነው ዘፈን የሉበትም።

አንድ ምስል በሁለት እጅ

አርትዖት ትርጉምን እንዴት እንደሚገለብጥ ከለንደን ይልቅ አዲስ አበባ ላይ በግልጽ ታይቷል። ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 ለብሪታንያ ቴሌቪዥን ያቀረበው የወሎ ረኀብ ፊልም የተሠራው የተደበቀ ረኀብ እንዲታወቅና እርዳታ እንዲገኝ ነበር። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ደርግ ይኸንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር እያፈራረቀ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። የረኀቡ ምስል እውነት ነበር፤ የግብዣውም እንዲሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን ማድረግ ግን ፍርድ ሆነ። ጄኒንግስ የፋብሪካውን ዘፈንና የንግሥቲቱን ሞዛርት አጣብቆ አገር አስማማ፤ ደርግ በተመሳሳይ ዘዴ ዙፋን አወረደ። አርትዖት በራሱ መልካምም ክፉም አይደለም፤ ለዚህም ነው የፊልም ማስረጃ ሲመዘን ከምስሉ እኩል መጋጠሚያው መመርመር ያለበት።

ዛሬ ያለው ክርክር

በኢትዮጵያ የጦርነት ትውስታን በዘጋቢ ፊልም ለመያዝ ከተሞከሩት ሁሉ ጎልቶ የሚታየው እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የኃይሌ ገሪማ «ዓድዋ» ነው። አባቱ ገሪማ ታፈረ የአርበኞችን ታሪክ በ«ጎንደሬ በጋሻው» የጻፉ ሰው ናቸው። ኃይሌ በቦታው የነበረ ካሜራ ስለሌለ የተጠቀመው የአረጋውያንን ቃል፣ ዘፈንንና ሥዕልን ነው፤ ራሱም ይተርካል። ይህ ከጄኒንግስ መንገድ የተለየ ነው። ጄኒንግስ የታሪኩ ባለቤቶች እንዲደግሙት ያደርጋል፤ ኃይሌ እንዲመሰክሩ ያደርጋል። በቴሌቪዥናችን የሠለጠነው ሦስተኛው መንገድ ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በግርማ ሞገስ የሚናገር ተራኪና ከሥሩ የማይቋረጥ ሙዚቃ ነው። ብዙ እውነት የያዘ ዝግጅት በዚህ መንገድ ሲቀርብ ምስክሩ ራሱ ሳይሰማ ይቀራል፤ ሽማግሌው ገና ሦስተኛውን ዐረፍተ ነገር ሳይጨርስ ተራኪው ይገባበታል። ከጄኒንግስ ነገ ጠዋት መውሰድ የሚቻለው ትምህርት ቢኖር ዝም ማለት ነው።

ለአዊ የሚሆነው የትኛው መንገድ ነው? ድምፁ ሞልቷል። በ1932 ዓ.ም.፣ ገና በጣልያን ዘመን የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ በዓሉን ሲያከብር ዓድዋንና ፈረሱ በጦርነት የዋለውን ውለታ ያስባል። ኮቴው፣ ፉከራው፣ የጉግሱ ሆታ፣ በአውኚና በአማርኛ የሚፈራረቀው ዘፈን ተራኪ አይሻም። እስካሁን ግን የሚቀረጸው አብዛኛውን ጊዜ ለቱሪዝም ነው፤ ፈረሱ ይታያል፣ ፈረሰኛው አይናገርም።

የኃይሌና የጄኒንግስ ሁለቱ መንገዶች የየራሳቸው ችግር አለባቸው። ምስክርነት ጊዜ አልፎበታል፤ በ1933 አሥር ዓመት የነበረው ልጅ ዛሬ በሕይወት ካለ ዘጠናን አልፏል። መድገም ደግሞ የልጅ ልጆችን የአያቶቻቸውን ታሪክ ማጫወት ነው፤ ጀግንነቱን አጋኖ የሚያሳንሰውን የመቁረጥ ፈተና አለበት። በጎጃም ለጣልያን ያደረም፣ የተሻረከም፣ ሁለት ልብ የነበረም ብዙ ነው፤ እሱን የሚተው ፊልም ካልደር ጄኒንግስን የወቀሰበትን ጥፋት ይደግማል። «ዝምተኛው መንደር» የሊዲስን ታሪክ በዌልስ እየቀረጸ መሆኑን ከመጀመሪያው ተናግሯል፤ እንጅባራ ላይ የሚሠራ ድጋሚም እንዲሁ ቢያደርግ ለጥበቡም ለማስረጃነቱም ይበጃል።

ቋንቋውን በተመለከተ ስምምነት የለም። አውኚ በአዊ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይማሩበታል፤ አንድ ወገን በአውኚ ተሠርቶ ያለ ትርጉም መቅረብ አለበት ሊል ይችላል፣ ሌላው ታሪኩ ለመላ አገሪቱ ካልተሰማ ምን ይረባል ይላል። የኔ ዝንባሌ ወደ መጀመሪያው ነው፤ ቢያንስ ጥቂቱ ትዕይንት አዲስ አበባ ያለውን ተመልካች ቁጭ ብሎ እንዲያዳምጥ ማስገደድ አለበት።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ሥራ ግን አለ። የሉቼ ምስሎች ሮም ውስጥ፣ የብሪታንያዎቹ ለንደን ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ከሉቼ ክምችት ብዙው በኢንተርኔት ይታያል። ከጎጃም የተቀረጸውን ለይቶ አውርዶ፣ ዳንግላና እንጅባራ ላይ በዕድሜ ለገፉ ሰዎች ማሳየት፣ ተራራውን፣ ወንዙን፣ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር፣ ምናልባትም በሰልፉ ውስጥ ያለውን ፊት እንዲለዩ መጠየቅ፣ የሚሉትንም በራሳቸው ቋንቋ መቅዳት ይቻላል። ለዚህ ካሜራ እንኳ አያስፈልግም፤ አንድ የድምፅ መቅጃ ይበቃል።